«ጥቂት ቀን» ተብሎ የወጣ ልጅ

የሚነበበው ክፍል፦ ዘፍጥረት 27፥41 እስከ 28፥22

መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ መጀመሪያ ክፍሉን ገልጣችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያ ወደዚህ ወረቀት ተመለሱ።

የመጀመሪያ መንገዱ ነው

ያዕቆብ የቤት ልጅ ነበር። ወንድሙ ዔሳው በዱር ሲያድን ይውላል፣ እሱ ግን ጭምት ሆኖ በድንኳን የሚቀመጥ ሰው እንደነበረ ዘፍጥረት 25፥27 ላይ እናነባለን። ምስር ወጥ መሥራት ያውቃል። ያደገው በበግና በፍየል መሐል ነው። ከአባቱ ሰፈር ርቆ ሄደ የሚል ነገር እስከ ምዕራፍ 28 ድረስ የለም። ከዚያ ግን ድንገት ከቤርሳቤህ ተነሥቶ ወደ ካራን ሄደ ይለናል። ካራን ሌላ አገር ነው፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አጃቢ የለው፣ ግመል የለው። በኋላ ራሱ እንደተናገረው (ዘፍጥረት 32፥10) ሲወጣ በእጁ የነበረው በትሩ ብቻ ነው።

እስቲ ይሄንን ሰው አታውቁትም? እኔ አውቀዋለሁ። ከወሎ ገጠር፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ ሲመጣ አይቼዋለሁ። እናቱ በሶና ጭብጦ ሰንቃለት፣ ወይም ደግሞ እሷ ሳትሰማ በሌሊት ወጥቶ፣ ከወረዳው ከተማ አልፎ የማያውቅ ልጅ አንድ ቀን ሚሌን አልፎ ጋላፊ ይደርሳል። ወይም በድሬዳዋ በኩል መጥቶ ደወሌን ያልፋል። ድንበር ማለት ትልቅ ተራራ ወይም ትልቅ ወንዝ ይመስለው ነበር። ሲደርስ ግን አፈሩ ያው አፈር፣ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነው። የሚለወጥበት ቋንቋው ነው፣ ገንዘቡ ነው። «ውሃ ስጡኝ» ለማለት እንኳን አዲስ ቃል መማር አለበት።

በሐምሌ የመጣ እንደሆነ ደሞ የባሰ ነው። በሐምሌ አገር ቤት ዝናብ ነው። አባቱ እርሻ ላይ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ማታ ጋቢ ለብሰው እሳት ዙሪያ ነው የሚቀመጡት። እዚህ ግን በዚያው በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲመጣ ዓይን አያስገልጥም። ልጁ ሰማዩን ያይና «እዚህ አገር ክረምት የለም እንዴ?» ይላል። የለም ወንድሜ።

ጅቡቲ ከተማ ሲገባ ባልባላ ላይ አንድ የአገሩን ልጅ ፈልጎ ያገኛል። በማግስቱ ወደ ወደቡ ይወርዳል። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ከዚያ በፊት ያየው ትልቅ ውሃ በክረምት የሞላ ወንዝ ነው። ማዶው የማይታይ ውሃ አይቶ አያውቅም። ጎንበስ ይልና በእጁ ጨልፎ ይቀምሰዋል። ጨው! ይተፋዋል። ይሄን ያህል ውሃ ተኝቶ አንድ ጉንጭ የማይጠጣ! አትሳቁበት፣ ብዙዎቻችን ያደረግነው ነገር ነው።

ሲመሽ መኝታ ይፈልጋል። ካርቶን ያነጥፋል። ራሱን በምን ላይ ያሳርፍ? በድንጋይ ላይ ነዋ። ይሄ አገር ድንጋይ አላጣም። ከጋላፊ እስከ አሳል ሐይቅ፣ ከአሳል እስከ ታጁራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ያዕቆብ የተንተራሰውን ድንጋይ ለእኛ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

ሳናውቀው እዚህ የነበረ አምላክ

በዚያች ሌሊት ያዕቆብ ሕልም አየ። መሰላል ከምድር ተነሥቶ ሰማይ ደርሷል፣ የእግዚአብሔር መላእክት ይወጡበታል ይወርዱበታል። እግዚአብሔርም ተናገረው። ከቁጥር 13 እስከ 15 ያለውን ደጋግማችሁ አንብቡት። ከእሱ ጋር እንደሚሆን፣ በሚሄድበት ሁሉ እንደሚጠብቀው፣ ወደዚያች ምድርም እንደሚመልሰው ቃል ገባለት።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ይሄ ቃል ለያዕቆብ የመጣለት በአባቱ ቤት ሳለ አይደለም። በአባቱ ቤት መሠዊያ ነበረ፤ ይስሐቅ በቤርሳቤህ ሠርቶታል (26፥25)። ካራን ገብቶ፣ ሥራ ይዞ፣ ትዳር ይዞ ሲደላደልም አይደለም። በመሐል ነው የመጣለት። መንገደኛ አልፎት በሚሄድ፣ ማንም ሰው «ደረስኩ» በማይልበት ቦታ። እዚያ ያደረው ፀሐይ ስለጠለቀችበት ብቻ ነው። ሲነቃ ደነገጠ። እግዚአብሔር በዚያ ስፍራ እንዳለ ሳያውቅ ነበር የተኛው። ከእሱ በፊት አያቱ አብርሃም በዚያው አካባቢ መሠዊያ ሠርቶ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ነበር (12፥8)። ልጁ ሳያውቅ ነው እንጂ ቦታው የታወቀ ነው።

ጅቡቲም ለእኛ እንዲህ ያለች የመሐል ቦታ ናት። ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህች ወደብ ነው። ይመጣል፣ ያልፋል። መርከቡ ያራግፋል፣ ይሄዳል። ተሳቢ መኪናዎች ፒኬ 12 ላይ ተሰልፈው ይቆዩና ጭነው ይሄዳሉ። ሰውም እንደዚያው ሆኗል። «የት ነህ?» ሲሉት «ጅቡቲ ነኝ፣ ለጊዜው» ይላል። ሦስት ዓመት የኖረውም «ለጊዜው» ነው የሚለው። ልቡ ሪያድ ነው፣ ወይም ካናዳ ነው፣ ወይም እናቱ ጓሮ ነው። እዚህ ያለው ሥጋው ብቻ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው «እዚያ ስደርስ እግዚአብሔር ይባርከኛል» ይላል። ያዕቆብን ግን እግዚአብሔር ያገኘው ከመድረሱ በፊት ነው።

ስለ ወደቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቀን ሥራ የሠሩ ወንድሞች ያውቁታል። መርከብ ማዳበሪያ ጭኖ ይመጣል። እንደ አሸዋ የፈሰሰ ነው። እዚህ ወደቡ ላይ በከረጢት ይሞላል፣ ይሰፋል፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ይጫናል። አንድ የገጠር ልጅ ያንን ከረጢት ሲያይ ቆም ይላል። ያውቀዋላ! አባቱ በዱቤ የሚያመጣው ዩሪያ ነው። ባዶውን ከረጢት እናቱ እህል ሞልታበታለች፣ በርበሬ አስጥታበታለች። ያ ከረጢት ደጃቸው ከመድረሱ በፊት እዚህ ነበረ። ልጁ ጅቡቲ የሚባል ስም ከመስማቱ በፊት የዚህች ከተማ ኩሊ በላቡ ለአባቱ ማሳ ሠርቷል።

መብራቱም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በትልልቅ ምሰሶ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ጅቡቲ ይገባል። ማታ ከተማው ላይ የሚበራው አምፖል ኃይሉ ከእኛ አገር ወንዝ የመጣ ሊሆን ይችላል። ባዕድ ብለን የፈራነው አገር ሳናውቀው አብሮን ሲኖር ነበር። የማዳበሪያና የመብራት ነገር እንዲህ ከሆነ የእግዚአብሔርማ እንዴት ይሆን? ያዕቆብ ሳይመጣ እግዚአብሔር በቤቴል ነበረ። እኛ ጋላፊን ሳንሻገር እግዚአብሔር ጅቡቲ ነበረ። በዚህ ካምፕ የመጀመሪያው ሸራ ሳይወጠር እግዚአብሔር እዚህ ነበረ።

ስደት የድሃ ብቻ ውርደት የሚመስለው ካለ ደግሞ የዚህችን ወደብ ታሪክ ይጠይቅ። ከጅቡቲ የተነሣው የድሮው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚህ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ተሰደዱ። አዲስ አበባ የተመለሱት ከአምስት ዓመት በኋላ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ የተባለ ሰው በዚህ ውሃ ዳር ስደተኛ ሆኗል። ከንጉሥ ሁሉ የሚበልጠው ጌታችንም ሕፃን ሳለ ወደ ግብፅ ተሰዷል (ማቴዎስ 2፥13-15)። እንግዲህ ስደተኛ ስለተባልክ አንገትህን አትድፋ።

የተዋሰው ልብስ

ያዕቆብ ከቤቱ የወጣው ለምን ነበር? አባቱ ይስሐቅ አርጅቶ ዓይኑ ፈዞ ነበር። ርብቃ የዔሳውን መልካም ልብስ አምጥታ ለያዕቆብ አለበሰችው (27፥15)። በሌላ ሰው ልብስ አባቱ ፊት ቆመና ዔሳው ነኝ አለ። ሽማግሌው ልብሱን አሽትቶ ባረከው። ከዚያ የመጣው ጠብ ነው ከአገር ያስወጣው።

በእኛም ዘንድ የተዋሰ ልብስ አለ። ልጁ ጅቡቲ ከገባ ሁለት ወር ሆኖታል። አንድ ቀን ሥራ ያገኛል፣ ሦስት ቀን ያጣል። አገር ቤት ግን «ፎቶ ላክ እንጂ» ይሉታል። የጓደኛውን ሱሪና ጫማ ይዋሳል። መነጽር ያደርጋል። የሰው መኪና ተደግፎ፣ ወይም መርከቡ ከኋላው እንዲታይ አድርጎ ይነሣና በኢሞ ይልከዋል። አባት ፎቶውን አይቶ «ልጄ ሰው ሆነ» ይላል፣ ይመርቃል። ልክ እንደ ይስሐቅ ልብሱን ነው የመረቀው።

ታዲያ በዚያ ፎቶ ማን ይጎዳል? ታናሽ ወንድሙ ነው የሚጎዳው። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ፎቶውን አይቶ ደብተሩን ይጥላል። አባትየው በሬውን ይሸጣል፣ ደላላ ይከፈላል። ያ ልጅ በአሳል በኩል፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ባለው በዚያ እሳት በሆነ ምድር፣ ውሃ በጄሪካን ተሸክሞ በእግሩ ሲሄድ መንገዱን ያሳየው ፎቶው ነው። በአፉ «ና» ያለው ሰው የለም። ልብሱ ነው የጠራው።

አሁን ያዕቆብ በቤቴል ስእለት ሲሳል የለመነውን ተመልከቱ (28፥20-21)። ወርቅ አልለመነም፣ ብዙ ከብት አልለመነም። የሚበላው እንጀራ፣ የሚለብሰው ልብስ፣ በሰላምም ወደ አባቱ ቤት መመለስ። በቃ። በወንድሙ ልብስ አባቱን ያታለለው ሰው አሁን እግዚአብሔርን የራሱን ልብስ ለመነ። ይሄንን ሳነብ ልቤ ይነካል። ድንጋይ ላይ ማደር አንድ ነገር አስተምሮታል። ከእግዚአብሔር እጅ የተቀበላት ትንሽ ልብስ ከተዋሰው መልካም ልብስ ትሻላለች።

ርብቃ የጠበቀችው

ርብቃ ልጇን ስትሸኘው ላባ ዘንድ ጥቂት ቀን ብቻ እንዲቀመጥ፣ የወንድሙም ቁጣ ሲበርድ ልካ እንደምታስመጣው ነገረችው (27፥44-45)። ጥቂት ቀን! ስንቶቻችን ነን በዚህ ቃል የወጣነው? ትንሽ ሠርቼ፣ የአንድ በሬ ዋጋ ይዤ፣ የቆርቆሮ መግዣ ይዤ እመለሳለሁ ብለን።

ያዕቆብ ስንት ቆየ? ምዕራፍ 31 ከቁጥር 38 እስከ 41 ራሱ ለላባ ይነግረዋል። 20 ዓመት። ቀን ሐሩር፣ ሌሊት ቁር ሲበላው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ደመወዙ አሥር ጊዜ ሲለዋወጥበት ኖረ። ይሄን ለቀን ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ጠዋት የተስማማውን ማታ የሚክድ አሠሪ የገጠመው ሁሉ ላባን ያውቀዋል።

ከ20 ዓመት በኋላ ሲመለስ ታዲያ ማንን አገኘ? ወንድሙን አገኘ፣ ተቃቅፈው አለቀሱ (33፥4)። አባቱን ይስሐቅን አገኘ (35፥27)። እናቱንስ? እስቲ ፈልጉ። ገጹን እያገላበጣችሁ ፈልጉ። ያዕቆብ እናቱን ዳግመኛ አገኛት የሚል አንድ መስመር የለም። የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ መሞቷና መቀበሯ ተጽፏል (35፥8)። ያዕቆብ ራሱ ሊሞት ሲል ስለ ቤተሰቡ መቃብር ሲናገር (49፥31) ሚስቱን ልያን እሱ እንደቀበራት ይናገራል። ስለ እናቱ ግን እዚያ እንደቀበሯት ብቻ ነው የሚለው። ልካ ልታስመጣው ነበር። ላከች የሚል ቃል የለም። መጽሐፉ ዝም አለ፣ እኔም ከመጽሐፉ አልፌ አልናገርም። ያ ዝምታ ግን ከባድ ነው።

ያዕቆብ ስልክ አልነበረውም። እኛ ግን አለን። የራሱ የሌለው ሰው ቢኖር የጎረቤቱ አይጠፋም። ነገር ግን አንደውልም። ለምን አትደውልም ሲባል «ባዶ እጄን ምን ብዬ?» ነው መልሱ። ሐዋላ ሳልልክ ድምፄን ብቻ ልላክ? ያፍራል። ዛሬ ነገ ይላል። ወር ይሆናል፣ ዓመት ይሆናል። ዓመት ሙሉ ጠፍቶ መደወል ደግሞ ራሱ ሌላ እፍረት ነው። እፍረት እፍረትን ይወልዳል።

በዚያ ወገን ያለውን እናስብ። እናት ገንዘብ ትፈልግ ይሆናል፣ ችግር አለ። ግን ከሁሉ በፊት የምትፈልገው ልጇ በሕይወት መኖሩን ነው። ስለ ባሕሩ ሰምታለች። ጀልባ ተገለበጠ የሚል ወሬ በሬዲዮ ሲነገር እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ይቆማል። ከከተማ የተመለሰውን ሁሉ ትጠይቃለች። ልቅሶ እንዳትቀመጥ መርዶ አልመጣም። እንዳትጽናና ድምፁን አልሰማችም። እኛ «ስደተኞች ነን» እንላለን፤ እሷም በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ምድጃዋ አጠገብ ተሰዳለች።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታ የነገረንን የጠፋውን ልጅ አስታውሱ። ባዶ እጁን ነው የተመለሰው፣ የእሪያ ሽታ ይዞ። አባትየው ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ። ምን ይዘህ መጣህ አላለውም። የሰማይ አባታችን ልብ ይሄ ነው። እግዚአብሔር ባዶ እጃችንን ካልናቀ፣ እኛ ለእናታችን ድምፃችንን ለመላክ ባዶ እጃችንን ምክንያት ማድረግ የለብንም።

የእንባ በርና የሰማይ በር

ከኦቦክ ወደ ሰሜን ያለው ጠባብ ባሕር ባብ ኤል መንደብ ይባላል። ዐረብኛ የምትችሉ ታውቁታላችሁ፣ የልቅሶ በር፣ የእንባ በር ማለት ነው። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ቅርብ ነው» ይላል ደላላው። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት ማለቂያና በሚያዝያ አጋማሽ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ሁለት ጀልባዎች ጎዶሪያ አጠገብ ተገለበጡ። በመጀመሪያው 38 ሰዎች ሞቱ፣ ሕፃናትም ነበሩበት። በሁለተኛው የተሳፈሩት 77 ነበሩ፣ ከእነሱም ብዙዎች አልተረፉም። ወዴት የሚሄዱ ነበሩ ብትሉ፣ ከየመን ወደዚህ የሚመለሱ የእኛው አገር ሰዎች ነበሩ። መከራውን አይተው «ይቅርብን» ብለው ፊታቸውን ወደ አገር ያዞሩ። ለእነሱ ቤተሰብ ዛሬም እንጸልይ።

ወደ ኦቦክ ለመውጣት ያሰብክ ወንድሜ፣ ያሰብሽ እህቴ፣ ይሄን ወረቀት ካነበባችሁ አንድ ቀን ታገሡና ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተነጋገሩ። ወደ አገሩ በፈቃዱ መመለስ ለሚፈልግ መንገደኛ ኦቦክ ላይ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ አይኦኤም፣ ማዕከል አለው። መመለስ ውርደት አይደለም። ከመካከላችን ደግሞ ዛሬ መመለስ የማይችል አለ፣ ምክንያቱን ጌታ ያውቃል። ለእሱም ቃል አለው።

ያዕቆብ የተኛበትን ያንን ድንጋያማ መሬት የሰማይ ደጅ ብሎ ጠራው (28፥17)። የሰማይን ደጅ ፍለጋ ባሕር መሻገር አላስፈለገውም፣ ያደረበት ቦታ ላይ አገኘው። ጌታ ኢየሱስም በዮሐንስ 1፥51 የእግዚአብሔር መላእክት በሰው ልጅ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ እንደሚያዩ ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው። መሰላሉ እሱ ራሱ ነው ማለት ነው። ክርስቶስ ባለበት ሁሉ ሰማይ ክፍት ነው። በባልባላ ቆርቆሮ ቤት ክፍት ነው። በካምፑ ሸራ ሥር ክፍት ነው። በእናታችን ጎጆም ክፍት ነው። ለዚህ በር ደላላ አይከፈልም።

የማያውቁት አገር

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶች። እውነታቸውን ነው። እኛን የሚናፍቀን የምናውቀው ነው። የኩበት ጭስ ሽታ፣ ማታ የጥጃው ድምፅ፣ በመስከረም ሜዳውን የሚሞላው አደይ አበባ። አገርን መናፈቅ ኃጢአት አይደለም፣ ያዕቆብም ናፍቋል። ነገር ግን ዕብራውያን 11፥13-16 ይሄንን ተረት የሚያልፍ ነገር ይነግረናል። አባቶች በምድር ላይ እንግዶች መሆናቸውን አምነው ያላዩትን አገር፣ የሰማዩን፣ ናፈቁ። እግዚአብሔርም ከተማ አዘጋጅቶላቸዋል።

ያዕቆብ አገሩ ሲገባ ሁሉ ነገር አልሞላለትም። እያነከሰ ነው የተመለሰው (32፥31)። የሚወዳት ራሔል ቤተ ልሔም ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞተች (35፥19)። እናቱን አገኘ አልተባለም። ወደ አገር መመለስ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የሰውን ልብ ሙሉ በሙሉ የሚሞላው እሱ አይደለም። ሙሉ የሚያደርገው በድንጋዩም፣ በካራንም፣ በመመለሻውም መንገድ አብሮት የነበረው አምላክ ነው። ያዕቆብ ሲሞት በበትሩ ጫፍ ተደግፎ ሰገደ ይላል (ዕብራውያን 11፥21)። ከቤቱ ሲወጣ የያዘው በትር ብቻ ነበር። የሞተውም በሰው አገር፣ በግብፅ ነው። በእግዚአብሔር ፊት ግን ስደተኛ አልነበረም።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ወደ አገር ቤት ደውሉ። የምትልኩት ባይኖርም ደውሉ። «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አለሁ፣ እጄ ላይ ምንም የለም፣ ጸልዪልኝ» በሉ። የካርድ መግዣ የሌለው ወይም ስልክ የሌለው ከእሑድ ጸሎት በኋላ ለአንዱ ሽማግሌ ይንገር፣ እርስ በርስ እንረዳዳ። መደወል አደጋ የሚያመጣበት ሰው ካለ አይደውል፣ እኛ አብረን ስለ ቤተሰቡ እንጸልያለን።

ሁለተኛ፣ እውነቱን ንገሩ። በተለይ ለታናናሾቻችሁ። የሙቀቱን፣ የሥራውን፣ የመንገዱን ነገር ንገሯቸው። «ትምህርትህን ቀጥል» የሚል ቃል ከእናንተ አፍ ሲወጣ ከመምህሩ አፍ ይልቅ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ አዲስ የመጣ መንገደኛ ስታዩ ውሃ ስጡት፣ ስሙን ጠይቁት። ማታ የት እንደሚያድር ጠይቁት። ምናልባት የመጀመሪያ ሌሊቱ ነው።

አራተኛ፣ ለጅቡቲ ሕዝብ ጸልዩ። አፋሩም ኢሳውም በራሱ ድርቅ ውስጥ እያለ ለብዙ መንገደኛ ውሃ አጠጥቷል። ምርኮኞች የተቀመጡባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ፣ ስለ እሷም እንዲጸልዩ ኤርምያስ 29፥7 ያዛል። «ለጊዜው» ብላችሁ የተቀመጣችሁባት ከተማ ዛሬ የምትበሉባት ከተማ ናት።

ጸሎት፦ የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ ሆይ፣ ድንጋይ የተንተራሰውን ልጅ ያየህ፣ ዛሬ በየመንገዱ፣ በየወደቡ ዳር የሚያድሩትን ልጆችህን እይ። የምንበላውን እንጀራና የምንለብሰውን የራሳችንን ልብስ ስጠን። የሚጠብቁንን እናቶች አጽናቸው፣ ድምፃችንን እስኪሰሙ ድረስ ጠብቅልን። በባሕር ያሉትን አስባቸው። ወደ አገር የምትመልሰንን በሰላም መልሰን፤ የማንመለሰውንም አንተ ከእኛ ጋር ሁን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ። ይሄን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት፣ ለሌላ ሰው አስተላልፉት።